ባሕርን ቤት ያስገቡ እጆች

ለንደን፣ 1846፣ የቅጠል መርገፊያ ወራት። ዌስትሚንስተር አቢ ከሚባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ ቤት፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ ከተከፈተ መስኮት ሥር ቆማ የባሕር ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጣለች። ትኩስ ሻይ ለማቀዝቀዝ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እንደሚያመላልስ ሰው አንዱን ዕቃ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጋ ይዛለች። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ሲወርድ ነፋስ ያገኘዋል፤ ታች ሲደርስ አረፋ ይደፍቅና ይሰክናል። እንደገና ታነሳዋለች። ሥራው በየቀኑ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ድካም ጥቂት ኮራሎች እንዳይታፈኑ ነው።

ዛሬ የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው አንድ ፓምፕ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይኸው ሥራ ቀንና ሌሊት ይሠራለታል። የጀማሪው ጥያቄ ግን ያኔም አሁንም አንድ ነው፦ በመስታወት ሣጥን የታጠረን የባሕር ውሃ ንጹሕ አድርጎ የሚያቆየው ምንድን ነው? መልሱ ተሟልቶ እስኪገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የተገኘውም በአንድ ቦታ ሳይሆን በየአቅጣጫው ተበትኖ ነው፤ በሠራተኛ ክንድ፣ በቀንድ አውጣ ምላስ፣ በፓሪስ የፍሳሽ ቆሻሻና በጃካርታ የባሕር ዳርቻ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የኮራሎቹ ባለቤት አና ቲን የምትባል የቄስ ሚስት ነበረች። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ቶርኪ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ስትዝናና ሕይወት ያላቸውን ኮራሎች አየችና ወደ ለንደን ልትወስዳቸው ቆረጠች። በመንገድ ላይ እንዳይንገላቱ በመርፌና በክር ሰፍነግ ላይ ሰፋቻቸው፤ ከዚያ በሸክላ ማሰሮ አድርጋ ይዛቸው ተመለሰች። መጀመሪያ ላይ አዲስ የባሕር ውሃ ከጠረፍ እያስመጣች ትለውጥላቸው ነበር። ይህ ሲከብዳት ነው ያንኑ ውሃ መልሶ መላልሶ ማናፈስ የተጀመረው። በሚቀጥለው ዓመት የባሕር ዕፅዋት ጨመረችበት፤ ዕፅዋቱ ብርሃን ሲያገኙ ኦክስጅን ስለሚሰጡ የሠራተኛዋ ክንድ ትንሽ አረፈ። ኮራሎቹ ከሞት መትረፍ ብቻ ሳይሆን ተባዙ። አና ቲን ያየችውን በ1859 በአንድ የተፈጥሮ ሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተመች። ውሃውን ስታመላልስ የኖረችው ግን በታሪኩ ውስጥ «የቤት ሠራተኛዋ» ተብላ ብቻ ትጠራለች፤ ለዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ የዚህ ሙያ መሥራች እሷም ናት።

የባሕር እንስሳ በመስታወት ዕቃ ለማጥናት የተነሳችው የመጀመሪያዋ ሰው አና ቲን አይደለችም። ከእሷ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ1832፣ ዣን ቪልፕሮ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት መሲና ከተማ የመስታወት ገንዳ አሠርታ አርጎናውት የሚባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ ታጠና ነበር። በወጣትነቷ በፓሪስ ልብስ ሰፊ የነበረች ሴት ናት። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ይህ እንስሳ የለበሰውን ስስ ቅርፊት ከሌላ ፍጡር ሰርቆ ነው ወይስ ራሱ ሠርቶ በሚለው ይከራከሩ ነበር። እሷ ከቅርፊቱ ቁራጭ ሰብራ ጠበቀች፤ እንስሳው የተሰበረውን ራሱ ጠገነው፤ ክርክሩ አበቃ። ለመሲና ሰው ግን ባሕሩ ደጁ ነው። ውሃው ሲበላሽ ደፍቶ ሌላ ይቀዳል። የለንደን ሰው ያን ማድረግ ስለማይችል ስለ ውሃ ጽዳት ማሰብ የተገደደው እሱ ነበር።

ሮበርት ዋሪንግተን በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ቤት የሚሠራ ኬሚስት ነበር። በ1849 ሁለት ትንንሽ ወርቅማ ዓሦችን 50 ሊትር ያህል በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ከውሃ ዕፅዋት ጋር አስቀመጠ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዓሣው የሚያስወጣውን ዕፅዋቱ ይወስዳሉ፣ ዕፅዋቱ የሚሰጡትን ዓሣው ይተነፍሳል። ብዙም ሳይቆይ ግን ቅጠሎቹ መበስበስ ጀመሩ፤ ውሃው ደፈረሰ፤ መስታወቱ በአረንጓዴ ዝቃጭ ተሸፈነ። ዋሪንግተን የኩሬ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ። የበሰበሰውን ቅጠል በሉ፣ መስታወቱን ጠረጉ፣ እንቁላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ውሃው ጠራ። ይህንን በ1850 ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሙከራውን ወደ ባሕር ውሃ አሻገረው። ዛሬ በየሱቁ «የጽዳት ቡድን» እየተባሉ የሚሸጡት ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖች የእነዚያ የለንደን ቀንድ አውጣዎች ወራሾች ናቸው።

ጉዳዩን ከሊቃውንት ጠረጴዛ ወደ ሕዝብ ሳሎን ያወጣው የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ነው። በሥራ ብዛት ጤናው ታውኮ በ1852 ወደ ዴቨን የባሕር ዳርቻ የሄደው ጎስ እዚያ በድንጋይ መካከል የሚቀሩትን የባሕር ኩሬዎች ሲያይ ልቡ ተሰረቀ። እሱ የሰበሰባቸው እንስሳት በግንቦት 1853 በለንደን የእንስሳት መኖሪያ ለሕዝብ በተከፈተው የዓሣ ቤት ታዩ፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል በሰው ሁሉ አፍ ላይ አደረገው። ጊዜውም ተመቸው፤ በመስታወት ላይ የነበረው ግብር በ1845 ተነስቶ መስታወት ረክሷል፤ ባቡር ደግሞ የከተማውን ሰው ጠዋት ወደ ባሕር ወስዶ ማታ ይመልሰው ጀምሯል። ሴቶች ረጅም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ልጆች ማሰሮ ይዘው፣ አለቱን ይፈትሹ ገቡ።

ውሃውስ? ጎስ ለአንባቢዎቹ የሰጠው ምክር ዛሬም አላረጀም። ወደ ባሕር የሚዘልቅ የመርከብ ሠራተኛ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ፣ ወንዝ ከሚገባበት ርቆ፣ ከጥሩ ባሕር ይቅዳ፤ በርሜሉም ወይንና አልኮል ያልነካው ይሁን። ይህን ማግኘት ለማይችል ሰው ደግሞ በ1854 የራሱን የቅመማ መመሪያ አወጣ። 100 ግራም ያህል የገበታ ጨው፣ 7 ግራም ያህል ማግኒዚየም ሰልፌት (ለሆድ ማጽጃ የሚወሰደው መራራ ጨው ነው)፣ 13 ግራም ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ከ3 ግራም ያነሰ ፖታሲየም ክሎራይድ፤ ይህ ሁሉ ከ4 ሊትር ተኩል ጥቂት ባነሰ ውሃ ይሟሟል። በባሕር ውስጥ ያለውን ኖራ መጠኑ ትንሽ ነው ብሎ ተወው። ያ ኖራ በኋላ እንደሚፈለግ እናያለን። እንስሳቱን ወዲያው አላስገባም፤ አስቀድሞ የባሕር ቅጠል ብቻ ከትቶ ውሃው ጥቂት ቀናት እንዲሰነብት አደረገ። ለምን እንደሠራለት ያን ጊዜ የሚያስረዳ ሳይንስ አልነበረም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ጎስ በለንደን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የቀላቀላቸው ጨዎች በዳናክል ምድር ተለያይተው ተኝተዋል። ያ ዝቅተኛ ስፍራ በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ ከባሕሩ ተቆርጦ ቀረና ፀሐይ አደረቀችው። አፋሮች እየፈለጡ በግመል ያወጡት፣ አሞሌ ሆኖ ለዘመናት እንደ ገንዘብ የተመነዘረው የገበታ ጨው ከዚያ ባሕር የቀረ ነው። በዳሎል መሬት ሥር ደግሞ ማግኒዚየምና ፖታሲየም የያዙት ማዕድናት አሉ፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጣሊያኖች ፖታሽ ፍለጋ የቆፈሩት እነሱን ነው። ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ በአንድ ጊዜ አይወርዱም፤ በየተራ ይረጋሉ። የባሕር ውሃ በቤቱ የሚያዘጋጅ ሰው ይህንኑ ጉዞ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የእንግሊዙ ወረት ግን አልዘለቀም። በ1860ዎቹ ብዙ ገንዳዎች ባዶ ቀሩ። ምክንያቱ የፍቅር ማነስ አልነበረም። ሰው የወደደውን ሁሉ በአንድ ገንዳ አጨቀ፤ ገንዳውንም በጋ ላይ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አጠገብ አኖረ። ከድንጋይ ሥር አንድ እንስሳ ሞቶ ሳይታይ ካደረ ጠዋት ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶ፣ የቀሩትም ሞተው ይገኛሉ። ያን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ሁሉን ደፍቶ፣ ሁሉን አጥቦ፣ እንደገና መጀመር ነበር። እንደገና መጀመር ማለትም እንደገና ከባሕሩ መውሰድ ነው። የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 በታተመው «አባትና ልጅ» በተሰኘ መጽሐፉ፣ በልጅነቱ አበባ መስለው ያያቸው የዴቨን የድንጋይ ኩሬዎች አባቱ በቀሰቀሰው የሰብሳቢ ጎርፍ መራቆታቸውን በሐዘን መዝግቧል።

ከወረቱ መካከል በትዕግሥት የቀረ አንድ ሰው አለ፤ ዊልያም አልፎርድ ሎይድ። በለንደን የባሕር እንስሳትና የገንዳ ዕቃ ሱቅ ከፍቶ ይሠራ ነበር። ሎይድ ገንዳ ሲደፈርስ ውሃውን አልደፋም፤ ጨለማ ቦታ አስቀምጦ ጠበቀው። ውሃው በራሱ ጠራ። ከዚህ ተነስቶ ለዘመኑ ሰው እንግዳ የሆነ ነገር አመነ፦ የባሕር ውሃ ከተንቀሳቀሰ፣ አየር ካገኘና ብዛት ካለው መለወጥ አያስፈልገውም። በ1864 በሃምቡርግ፣ በ1871 ደግሞ በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ ባሠራቸው ትልልቅ የዓሣ ቤቶች፣ ሰው ከሚያያቸው ገንዳዎች ሥር፣ ከእነሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨለማ የውሃ ማጠራቀሚያ ቆፈረ። ውሃው በእንፋሎት ኃይል በሚሠራ ፓምፕ ሌት ተቀን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ይዞር ነበር። ዛሬ በቤት ውስጥ ገንዳ ሥር፣ በቁም ሣጥኑ በር ተደብቆ የሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ የሎይድ ጨለማ ጉድጓድ ታናሽ ወንድም ነው። ሎይድ ውሃው እንደሚጠራ በዓይኑ አየ። ማን እንደሚያጠራው ግን በዓይን የሚታይ አልነበረም።

እሱን ያገኙት ዓሣ ያላሰቡ ሰዎች ናቸው። በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የፓሪስን የፍሳሽ ቆሻሻ በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ረጅም ቱቦ ውስጥ ቀስ እያሉ አሳለፉ። ለ20 ቀን ያህል አሞኒያው እንደገባ ወጣ። ከዚያ ድንገት ጠፋ፤ በቦታው ናይትሬት ይወጣ ጀመር። ክሎሮፎርም ሲጨምሩ ለውጡ ቆመ፤ ጥቂት አፈር ሲጨምሩ ተመለሰ። ክሎሮፎርም የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው፤ ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር ነው። በ1890 ገደማ ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ባክቴሪያዎቹን ለይቶ አወጣ፤ አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። አሞኒያና ናይትራይት ለዓሣ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት ብዙ ካልተጠራቀመ ይቻላል።

ጀማሪን ዛሬ ከሁሉ የሚያስጨንቀው ነገር ያ የፓሪስ ቱቦ ነው ማለት ይቻላል። ገንዳው ተገዝቶ፣ ጨው ተሟሙቶ፣ አሸዋና ድንጋይ ገብቶ ሲያበቃ ዓሣ አይገባም። አራት፣ አምስት ሳምንት ባዶ ውሃ ይጠበቃል። በየጥቂት ቀኑ ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳና መመርመሪያ ጠብታ ይጨመርበታል፤ ቀለሙ አሞኒያ መኖሩን ያሳያል፤ ቆይቶ ናይትራይት፤ ቆይቶ ሁለቱም ይጠፋሉ። ቸኩሎ በሁለተኛው ሳምንት ዓሣ የሚያስገባ ሰው የ1860ዎቹን ጠዋት በራሱ ሳሎን ያየዋል። እንዲሁ ደግሞ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጥቦ ነጭ የሚያደርግ ሰው አለ። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን በፓሪስ ቱቦ ክሎሮፎርሙ የሠራውን ይሠራል፤ የጽዳት ሠራተኞቹን ይገድላል። ስፖንጁ የሚታጠበው ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፤ ጨመቅ፣ ጨመቅ ተደርጎ፣ ቡናማነቱ ሳይለቅ ይመለሳል። ንጽሕና ሲባል ንጣት የሚታየው ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል፤ በቤት አያያዝ የተመሰገነ ሰው ደግሞ ይበልጥ።

እውቀቱ ከላቦራቶሪ ወደ ሳሎን ለመግባትም ዘገየ። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካና በአውሮፓ የባሕር ዓሣ በቤት ማኖር ሲያንሰራራ፣ በ1960ዎቹ ውሃ ውስጥ ማሟሟት ብቻ የሚፈልግ የተዘጋጀ የባሕር ጨው በጥቅል ገበያ ወጣ፤ ከጠረፍ ርቆ የሚኖር ሰው ከመርከበኛ ልመና ተገላገለ። ገንዳዎቹ ግን በሞተ ኮራል አጽም ያጌጡ ነበሩ። አልጌ ሲይዘው አጽሙ ይወጣና በበረኪና ተዘፍዝፎ፣ ነጥቶ፣ ተለቅልቆ ይመለሳል። ዓሣው እንደ ታጠበ አጥንት በሚያበራ ነገር መካከል ይዞራል። ሕያው ኮራል ያስገባ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚቀርለት ያው ነጭ አጽም ነበር።

መንገዱን ያስቀየረው የጃካርታ ነዋሪው ሊ ቺን ኢንግ ነው። በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ አዲስ መሣሪያ አልያዘም። ሊ ከኮራል ዳርቻ ድንጋይ ያመጣል፤ አያጥበውም፣ በረኪና አያስነካውም። ትላትሉ፣ ሰፍነጉ፣ ቀዩና ሐምራዊው ልባስ፣ በየቀዳዳው የተሸሸገው ሁሉ እንዳለ ይገባል። ከዚያ የአየር አረፋ፣ ብርሃንና ንጹሕ የባሕር ውሃ፤ ሌላ የለም። ኮራሎቹ ኖሩለት። በዚያ ባለ ብዙ ቀዳዳ ድንጋይ ገጽ ላይ የቪኖግራድስኪ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ይለውጣሉ፤ ኦክስጅን በማይደርስበት በውስጡ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይሰዱታል። ድንጋዩ ራሱ ማጣሪያ ነው። በምዕራቡ ዓለም ያሉ አኳሪየም ወዳዶች በሰፊው የተከተሉት ብዙ ዓመት ቆይተው ነው፤ ቀድመው ቢሰሙት ኖሮ ስንት ኮራል በተረፈ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጨመረ። አንደኛው የወጥ ቤት ዘዴ ይመስላል፤ ሥጋ ሲቀቀል ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ በማንኪያ እንደመግፈፍ ነው። በጠባብ ቱቦ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የአየር አረፋ ሲለቀቅ፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ቅባትና ፕሮቲን ከአረፋው ላይ ይጣበቅና ወደ ላይ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ካለች ጽዋ ውስጥ እንደ ደፈረሰ ቡና ጠቁሮ፣ ጠንብቶ ይጠራቀማል። ቆሻሻው ከመበስበሱ በፊት ወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ጎስ የተወው ኖራ ነው። ፒተር ቪልከንስ በ1970ዎቹ፣ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ስለሆነ የጠራ የኖራ ውሃ በጠብታ ይጨመርለት ብሎ አስተማረ። እነዚህ ከጠንካራ መብራትና ከሕያው ድንጋይ ጋር ተጣምረው የበርሊን ዘዴ ተባሉ። በርሊናዊው ዲትሪኽ ሽቱበር በቤቱ ያሳደገው ባለ ቅርንጫፍ ኮራል ይህን ያህል ስለበዛለት ቁራጩን ለጓደኛ ይሰጥ ጀመር፤ ጓደኛ ለጓደኛ እያቀበለ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ኮራል በብዙ አገር ሳሎኖች አደገ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሰው እጅ የቀረው ሥራ በሳምንት አንድ ሰዓት አይሞላም። መስታወቱ ይፋቃል። የገፈፋው ጽዋ ይታጠባል። ከውሃው አንድ አሥረኛ ያህል በቱቦ ተስቦ ይወጣና ቀድሞ በተሟሟ የጨው ውሃ ይተካል። በክዳኑ ጠርዝ ላይ እንደ አመዳይ የሚጋገረው ጨው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ውሃው ሲተን ጨው ስለማይተን፣ የጎደለው የሚሞላው በጨው ውሃ ሳይሆን በተጣራ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ይህን የጎስ ዘመን መጻሕፍትም ያስተምሩት ነበር፤ ዛሬም ብዙ ጀማሪ የሚስተው እሱኑ ነው።

ከባሕሩ መውሰድስ? በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማርቲን ሞ የተባለ የፍሎሪዳ ባለሙያ ብርቱካናማና ነጭ መስመር ያለውን ክላውንፊሽ ለገበያ በሚበቃ ብዛት በገንዳ አራባ። ዛሬ ከየሱቁ የሚገዛው ክላውንፊሽ አብዛኛውን ጊዜ በገንዳ የተፈለፈለ ነው። የዚህ ዓሣ አንዱ ዘመድ የቀይ ባሕር ተወላጅ ነው፤ በሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ፤ ሳይንሳዊ ስሙን በ1830 ያወጣለት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በዓመቱ ምጽዋ ወርዶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ተጓዥ ነው።

በቤት ገንዳ ውስጥ ጥንድ ክላውንፊሽ ሲስማሙ እንስቷ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ብርቱካናማ እንቁላል ትደረድራለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአባትየው ነው። ድንጋዩን አስቀድሞ በአፉ ጠርጎ አጽድቷል። አሁን ከእንቁላሎቹ ፊት ተተክሎ በክንፎቹ ውሃውን ያራግባል፤ ትኩስ ውሃ፣ አየር ያለበት ውሃ እንዲደርሳቸው። ነጭ የሆነ፣ የተበላሸ እንቁላል ሲያይ በአፉ ለቅሞ ያወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ያራግባል። እንዲህ ሳምንት ያህል ይቆያል። እንቁላሎቹ እየጠቆሩ፣ በየውስጣቸው ሁለት ሁለት ብርማ ዓይን እያበራ ይመጣል። አንድ ምሽት፣ መብራቱ ጠፍቶ ቤቱ ሲጨልም፣ ይፈለፈላሉ።